አንሣው

ውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ደብተሬን በብብቴ ይዤ፣
ከማራኪ እስከ ቀሃ ዳር በእግሬ ተጉዤ፣
የሰው በር አንኳኩቼ ቁጥር እጽፋለሁ፤
ማታ ቤቴ ስገባ፣ ወረፋ አያለሁ፦
ሰባት ቢጫ ጀሪካን፣ አፉን ከፍቶ ደርቆ፤
ቧንቧዬም ሲያስል ያድራል፣ በነፋስ ታንቆ።

ዓመት ከመንፈቅ ዕቁብ የጣልነው ለሮቶ ነበር።
ፈንታነሽ መደቡን ሠራች፣ ከጓሮው፣ ካጥሩ ሥር፤
ሲሚንቶው ሳይደርቅ ፈጥና፣ በሚስማር ክብ ጭራ፣
"እዚህ ይቀመጣል" ብላ፣ ለጎረቤት አውርታ።

ዕጣው ወጣ። ብሩን ደረቴ ላይ ሸጉጬ፣
"ሮቶ ልገዛ" ብዬ ፒያሳ ወጣሁ ሮጬ።
ሱቁ ተዘግቷል፤ ለምሳ ሄዷል ባለቤቱ፤
እስኪመለስ ብዬ ጠጋ አልኩ ከጎረቤቱ።
መስታወት ውስጥ አየኝ።
እኔ አይደለሁም ያየሁት፤ እሱ ነው ያየኝ፤
ከሳሙና የማይበልጥ፣ ጥቁር፣ ባለ አንድ ዓይን፣
ሲነኩት ብቅ የሚል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዓይን።

ሻጩ ሸጋው ይባላል፤ ምላሱም ሸጋ ነው፤
"ጋሼ፣ ይሄ ስልክ አይደለም፤ ለጨለማም ዓይን አለው፤
ሩቁን ጎትቶ ያመጣል፤ በኪስህ ይገባል።"
እውነት ነው፣ ገባ፤
ኪሴ ባዶ ከሆነ ምን ያግደዋል።
ሦስት መቶ ብር አስቀነስኩ፤ ኮራሁ እንደ ሞኝ፤
በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዋጋው ቀሰቀሰኝ።

ሒሳብ ሠራሁ በጨለማ፣ ለቁጥር ማን ብሎኝ፤
ሺህ ጊዜ ባነሣበት፣ አንዱ ፎቶ ስንት ሊያስወጣኝ?
በጋሪ የሚመጣ ሁለት ጀሪካን ሆነ።
ፈንታነሽ ከጎኔ ተገላበጠች፤
ትንፋሼ መነመነ።

"ሮቶው ባሕር ዳር ቀርቷል" አልኳት በነጋው፤
በሳምንቱ "መኪና ጠፋ"፤ ቀጥሎ፣ ዝናቡ ነው።

አንድ ቅዳሜ ለማጽናናት ራሴን፣
ፋሲል ግቢ ገብቼ አነሣሁት ግንቡን።
ልጄ ባንቺአምላክ፣ ምስጢር ጠባቂዬ፣
በዚያች በተሰነጠቀች ስልኳ ያነሣችውን
ካጠገቡ ደቅና፣ "የቱ ነው ያንተ፣ አባዬ?"
ትክ ብዬ አየሁ። መነጽሬን ጠረግሁ።
ጠቆምኩ።
የጠቆምኩት የሷን።

ወደ ሸጋው ተመለስኩ። ከጭንቅላቱ በላይ
"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል፣ በቀይ።
ያን ቀን የት ነበር ይሄ ጽሑፍ? ዓይኔስ የት ነበር?
"ላስቲኩ ካልተላጠ" አለኝ፣ "በግማሽ እንነጋገር።"

ከዚያ ወዲያ ላስቲኩን እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኩት፤
አላነሣሁበትም፤ በካልሲ ጠቀለልኩት፤
ካሮጌ ጫማዬ ውስጥ እስከ ጣቱ ድረስ ከተትኩት።

አገኘችው። ጫማ ልታሰጣ አውጥታ።
አልጮኸችም። መዳፏ ላይ መዘነችው ገልብጣ፤
"ይሄ ነው ሮቶው?" አለች።
ቆየችና፣ "ስንት ሊትር ይይዛል?"
ምን ይባላል።
በአውራ ጣቷ ጥፍር የላስቲኩን ጫፍ አገኘች፤
ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ቁስል ቅርፊት፣
ሳትቸኩል ላጠች።
ግማሹ ዋጋ በዚያው ተጠቅልሎ ወደቀ፤
ገረመኝ፤ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር
ትንሽ ለቀቀ።

የዚያን ለት ሌሊት ቧንቧው አጓራ።
ውኃ መጣ! ሰፈሩ በጣሳ፣ በባልዲ ተጠራራ።
መብራት የለም። ፈንታነሽ ነጠላዋን ጥላ፣
በእጇ እየዳሰሰች አንዱን ከሌላው አስከትላ፣
ስድስቱን ሞላች፤ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ፣
"አንሣው! ሞልቷል፣ አንሣው እንጂ! ይፈስሳል፣ አንተ ሰው!"
አነሣሁት።

ብልጭ አለ ጓሮው፦
ባዶው መደብ፣ በሚስማር የተጫረው ክብ፣
የፈንታነሽ እርጥብ ክንድ፣ አፏ ሳይከደን፣
የመጀመሪያው ሳቅ ይሁን የመጨረሻው ቁጣ
ሳይለይ ከፊቷ ላይ።

ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ሸጋው አልዋሸም።
ጀሪካኑ ግን፣
ተነሥቶም፣ ገና አልተነሣም።